ይዞራል፣ አይነሳም

በዚያ ሰፈር ጆሮ የሚሉት መካኒክ የማያውቀው የሞተር ድምፅ ቢኖር ገና ከፋብሪካ ያልወጣ ሞተር ድምፅ ብቻ ነው። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ የተበላሸውን ዕቃ ይነግራችኋል፤ ዕቃውን ያበላሸውን ሹፌር ጠባይ ይነግራችኋል፤ ሹፌሩ ትናንት ከሚስቱ ጋር በምን እንደተጣላ ሳይቀር ይነግራችኋል። ኮፈን ሲከፍት ገና ሳይነካቸው በድንጋጤ ብቻ የተነሱ ሞተሮች አሉ ይባላል። ማን ይላል ቢሉ ራሱ ይላል፤ ግን የሰማው ሁሉ ያምነዋል።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ የብረት ሹክሹክታ የማያመልጠው ይህ ሰው፣ የሚወዳት ሴት ዛሬ ከተማውን ለቃ እንደምትሄድ አልሰማም ነበር።

ረፋዱ ላይ የጋራዡ ስልክ ጮኸ። ሁልጊዜ የሚጠግነው የአሮጌው ጭነት መኪና ባለቤት እህት ናቸው፣ ከሌላ ከተማ የመጡ። ሰላምታ ለሳቸው የሥራ ፈት ልማድ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሽማግሌ መኪና ይዞራል፣ አይነሳም። ዕቃው ተጭኖ አልቋል። አሁኑኑ ና።»

«የምን ዕቃ ነው እትዬ?»

«የእሷ ነዋ። እኔ ዘንድ ልትኖር ዛሬ ይዣት እሄዳለሁ። ምነው፣ አንተ ጆሮ አይደለህም እንዴ?»

ስልኩ ተዘጋ። ጆሮ ግን ከጆሮው አላወረደውም። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም።

እሷ ማለት የባለመኪናው አንድያ ልጅ፣ ፋርማሲስቷ ናት። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት ጀርባ ስትቆም፣ ያልታመመ ሰው ራስ ምታት ፈጥሮ ይሰለፋል። አባቷ በዚያ በአንድ የጭነት መኪና መሪ ላይ ወገባቸውን ጨርሰው ነው ያስተማሯት። ስለዚህ ናፍጣ የሚሸት እጅ ወደ እሷ እንዳይዘረጋ በልባቸው ያጠሩት አጥር ከግቢው ግንብ ይረዝማል። «እኔ የሸሸሁትን ሽታ ልጄ አታገባውም» ብለዋል አንድ ቀን፤ የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ ጆሮ እየሰማ።

ጆሮ ታዲያ ምን አደረገ? ሁለት ዓመት ዞረ። የበሩን ማጠፊያ ጠገነ፣ ማቀዝቀዣውን ጠገነ፣ የውሃ ፓምፑን ጠገነ፤ ሲያልቅበት ያልተበላሸውን አበላሽቶ ጠገነ። በዚያ ቤት ከሱ እጅ ያመለጠ ብሎን የለም። ሲገባ እሷ ከመጽሐፏ ቀና ትላለች፤ ሲወጣም ቀና ትላለች፤ በመካከል ያለው ሁሉ ብሎን ነው። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» ይላል። «ምን?» ትላለች፣ መጽሐፉን ዘግታ። «የ… የበሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል።» ዳር ዳር ማለት ሙያ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ ባለሀብት አይገኝም ነበር።

ባለፈው ክረምት ደግሞ እንዲህ ሆነ። ጆሮ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ዘይት ይቀይራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እሷ ከበላዩ፣ በቤቱ መስኮት በኩል፣ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ታወራለች። «ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። እኔማ ሰልችቶኛል» ስትል ሰማ። ልቡ ቅቤ ጠጣ። መኪናው አስቸግሯት ኖሮ ለሱ መንገር አፍራ! ማንም ሳያዘው በዝናቡ ሮጦ አዲስ ባትሪ በትከሻው ተሸክሞ መጣና ገጠመ። ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ባትሪውን አየች፣ እሱን አየች፣ እስኪያንቃት ሳቀች። ሳቁ ግን መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ፊቷን አዙራ ገባች። ያ ሳቅ ምን እንደነበር ጆሮ እስከ ዛሬ አልገባውም። ሞተሮች እንደዚያ አይስቁም።

ግቢው ሲደርስ መኪናው ጭነቱን ተሸክሞ ቆሟል። ዕድሜው ከጆሮ ይበልጣል፤ ከመንገዱም ይበልጣል የሚሉ አሉ። አልጋዋ፣ ቁምሳጥኗ፣ የመጻሕፍቷ ካርቶኖች፣ መስታወቷ ላዩ ላይ ታስረዋል። መስታወቱ ወደ በሩ ስለዞረ ጆሮ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ራሱን ነው፤ የዕቃ ሣጥን የያዘ፣ አፉን የከፈተ ሰው።

አባትየው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የታመመ እግራቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ያንን ፋሻ ጠዋት ጠዋት የምትቀይርላቸው ልጃቸው ናት። እህታቸው ቦርሳቸውን አንግተው ግቢውን እየተመላለሱ ይፈጩታል። ከሳቸው ጋር የመጣው ቀጭን ሹፌር መሪው ላይ ተደፍቷል።

«ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፣ ግን አይነሳም» አለ ሹፌሩ። «እኔ የለመድኩት አዲስ መኪና ነው ወንድሜ። ይህንን የሚነዳው ቄስ ነው፣ በጸሎት።»

እሷ የመንገድ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። አየችው። በዚያች ሴት አንድ እይታ ሰው ሦስት ክረምት ይሞቃል፤ ዛሬ ግን አልሞቀውም። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው እንደሚታይ ነው ያየችው።

«በል ፍጠን» አሉ እህትየው። «ሰው እየጠበቀን ነው።»

«ማነው የሚጠብቃችሁ እትዬ?»

«የባንክ ሥራ አስኪያጅ። ጨብጠውት እጅ የማይታጠቡለት ሰው።»

ጆሮ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ልጅቷ ወደ መሬት አየች። እሱ «ተስማምታለች ማለት ነው» አለ በልቡ፤ እሷ «አሁንም ዝም አለ» አለች በልቧ።

«አንዴ አዙረው» አለ ለሹፌሩ።

ሞተሪኖው ጎረነነ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ አልነሳም። ጆሮ ያየው የጭስ ማውጫውን ነው። አንዲት ክር ጭስ የለም። ባትሪው የራሱ ባትሪ ነው፣ እንደ በሬ ጠንካራ ነው። ሞተሩ እየዞረ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰውም ማለት ነው፤ ያልበላ ሆድ አያገሣም። ሰልባትዮውን ከፍቶ አየ፤ ናፍጣው እስከ አፉ ሞልቷል። ማጣሪያውን ፈተሸ፤ ንጹህ ነው። አየር ገብቶ እንደሆነ ብሎ ቧንቧውን አላላ፤ ናፍጣው እስከ ገፊው ፖምፓ ድረስ ይመጣል። ከፖምፓው ወዲያ ግን ጠብ የለም። ጎንበስ ብሎ ከፖምፓው ጀርባ ያለውን ጨለማ ተመለከተ።

እንደዚህ ያለ መኪና በቁልፍ አይጠፋም። መሪው ሥር አንዲት ጥቁር እጀታ አለች። ስትሳብ ሽቦዋ የፖምፓውን ትንሽ ክንድ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ናፍጣው ይዘጋል፣ ሞተሩ ጸጥ ይላል። እጀታዋ ቦታዋ ላይ ናት። ክንዱ ግን ወደ ኋላ እንደተጎተተ ታስሯል፤ ቢዞር እስከ ምጽአት አይነሳም። የታሰረውም በነጭ ፋሻ ነው።

ፋሻ ያለው ማነው? ፋርማሲስት። መኪናው እንዳይነሳ የሚፈልገው ማነው? መሄድ የማይፈልግ ሰው። በጆሮ ደረት ውስጥ አሥራ ሁለት ሲሊንደር በአንዴ ተነሳ። ኮፈኑን ሙሽራ እንደሚሸፍን ሰው በቀስታ መለሰው።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ እህትየው።

ፊቱን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አጨማደደ። «ከባድ ነው እትዬ። ፖምፓው ነው። ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታጥቦ… እንደኔ ያለ ሰው እንኳ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ሌላ መካኒክ ቢሆን ጀምሮት ይሞታል፣ የልጅ ልጁ ነው የሚጨርሰው።»

ከበረንዳው ሳል ተሰማ። «ፖምፓው ነው?» አሉ አባትየው።

«አዎ አባባ። ፖምፓው።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አዩት። ብዙ አዩት። «እንግዲህ ፖምፓ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉና ዓይናቸውን ወደ እግራቸው መለሱ።

ከዚያ ቀን በፊት ሰውዬው ለጆሮ እንደዚያ ለስልሰው ተናግረው አያውቁም። ግር ሊለው ይገባ ነበር። ግን ደስታ ሰውን ያደነቁራል።

በጓሮው ቧንቧ እጁን ሲታጠብ ፎጣ ይዛ ተከትላው መጣች።

«ሦስት ቀን?» አለች።

«ከፈለግሽ ሳምንት።»

«ከፈለግሽ ምን ማለት ነው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ፈገግታው ግን እምቢ አለው። «ቋጠሮሽን አይቼዋለሁ። አትፍሪ፣ ለማንም አልናገርም። ቢያዩትስ ከኔ ሌላ ማን ይገባዋል?»

«የምን ቋጠሮ?»

«ፋሻው። ፖምፓው ላይ ያሰርሽው።»

ፎጣውን የዘረጋው እጇ መንገድ ላይ ቆመ። «እኔ ምንም አላሰርኩም» አለች፤ ቀስ ብላ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ለማይሰማ በሽተኛ እንደምታስረዳው። «መኪናው ደህና ነው ማለት ነው?»

ውሃው እየፈሰሰ ነው። ጆሮ አልዘጋውም።

«ደህናውን መኪና ነው ተበላሽቷል ያልከው? በአባቴ ፊት?»

«እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

«ታዲያ አትሂጂ አትለኝም? አንድ ቃል እኮ ናት። ፖምፓ ከማለት ትከብዳለች?»

«አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። የኔ እጅ ደግሞ…»

«እጅህን ሁለት ዓመት አየሁት። የጠበቅኩት አፍህን ነው።» ፎጣውን በሁለት እጇ ጠመዘዘችው። «ያንን ባትሪ ታስታውሰዋለህ? መኪናው ያኔ እንደ ጎረምሳ ነበር የሚነሳው። ለጓደኛዬ የማወራላት ስላንተ ነበር። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያነሳም ነው ያልኳት። ጉዳዩን አያነሳም። አንተ አይነሳም ብለህ ሰማህ፣ ሄደህ ባትሪ ገዛህ።»

ከሺህ ሞተር መካከል የላላችውን አንዷን ብሎን የሚለይ ጆሮ አንዲት ፊደል አመለጠችው። ያችን ፊደል ደግሞ ሲጠብቃት የኖረው እሱ ራሱ ነው።

«በማግስቱ ነው አክስቴን እሺ ያልኳቸው» አለች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ ሰዎች። ውሸት ነው። ጆሮ የራሱ ዝምታ ውስጡ እንደ ነቀዘ እህል እየተፈረፈረ ሲወርድ ተሰማው።

ፎጣውን ቧንቧው ላይ ጥላው ሄደች። ኮፈኑን ራሷ አነሳችው፣ የካፖርቷ እጅጌ ቅባት መንካቱን ሳታይ ጎንበስ አለች፣ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈው በረንዳው ላይ ነው።

«ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ» አለች። «የጭነት ቋጠሮ ነው። ልጅ ሆኜ የጫማዬን ክር በዚህ ነበር የምታስርልኝ። ትምህርት ቤት አንድም አስተማሪ አይፈታውም ነበር።»

አባትየው እግራቸው ላይ ያለውን ፋሻ አዩት። ጫፉ የተቀደደ ነው።

«አባዬ፣ ሂጂ ያልከኝ እኮ አንተ ነህ።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«አፌ ነው ያለው» አሉ። «እጄን አልጠየቅሽውም።»

እህትየው ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ በዚያ እግርህ ነው እዚያ ድረስ የሄድከው?»

«ግንቡን ይዤ። እናንተ ሳትነሱ።» ሽማግሌው ከዘራቸውን አሻሹ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ ነው ልጄ። ቅሪ ብልሽ ቀሪ ዕድሜሽን እግር ስትጠቀልዪ ልትኖሪ ነው። ሂጂ አልኩሽ… ሄድሽ።» እዚያች ቃል ላይ ድምፃቸው ቆመ፤ ዳገት ላይ ማርሽ እንዳመለጠው መኪና ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

ልጅቷ ዓይኗ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። «ሁለት ወንዶች» አለች። «አንዱ ያስራል፣ አንዱ ይሸፍናል። የሚነግረኝ ግን የለም።» ወደ ጆሮ ዞረች። «ፍታው።»

«ከፈታሁት…»

«ልሄድ እችላለሁ። አዎ። ታስሬ የቀረሁበትን ቤት ግን ቤቴ አልለውም። ፍታው፣ አስነሳው፣ የምትለውን ከዚያ በኋላ በል። ሞተሩ ጠፍቶ የምትነግረኝን አላምንህም።»

የስንቱን መኪና ሆድ ዕቃ የፈታ እጅ ያችን ቁራጭ ፋሻ መፍታት አቃተው። በጥርሱ ያዛት። የናፍጣና የቁስል ቅባት ጣዕም አላት። ተፈታች፤ ክንዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ጆሮ ማንም ያላዘዘውን አደረገ። ያላላውን ቧንቧ አጠበቀ፣ አየሩን አስወጣ፣ ዘይቱን አየ፣ ውሃውን ሞላ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጁ መታ።

«ምን ትሠራለህ?» አለው ሹፌሩ።

«መንገዱ ረጅም ነው። ዳገቱ ላይ እንዳይቆምባት።»

እሷ ሰማች። አንገቷን ወደ ግንቡ አዞረች።

«አዙረው።»

ሞተሩ ዞረ፣ አቃሰተ፣ ተነሳ። ጭሱ የግቢውን ሰማይ አጠቆረው፤ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ፤ ሰፈሩ ውስጥ የነበረ ወፍ ሁሉ አገር ለቀቀ። ጆሮ የሆነ ነገር ተናገረ። ማንም አልሰማም። ልጅቷ መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«አባባ» ብሎ ጮኸ። «ያ ሁሉ ማጠፊያ ለማጠፊያው ብዬ አልነበረም። ልጅዎን እወዳታለሁ። ሁለት ዓመት ዞሬ ዛሬ ነው የማነሳው።» ወደ እሷ ዞረ፤ ጉሮሮው ሊሰነጠቅ ደርሷል። «አትሂጂ። ከሄድሽ ግን አትስጊ፣ መኪናው አይቆምብሽም። እኔ ነኝ ያየሁት።»

«እኔ ነኝ ያየሁት» የሚለውን በዕድሜው ሺህ ጊዜ ብሎታል፣ ሺህ ጊዜ በጉራ። ዛሬ እንደ ልመና ወጣ።

አባትየው የሆነ ነገር አሉ። በሞተሩ ጩኸት መካከል ከንፈራቸውን ያነበበው ጆሮ ብቻ ነው፤ «ስትዞር ባትሪህን ልትጨርስ ነበር» ነው ያሉት።

«ግቢ፣ ግቢ፣ መንገዱ ይመሽብናል» አሉ እህትየው፣ ክንዷን ይዘው። ልጅቷ አባቷን አየች፣ ጆሮን አየች፣ መወጣጫውን ረግጣ ወጣች፤ እህትየውም ቦርሳቸውን አንስተው ተከተሏት። የመኪናው በር ሲዘጋ ድምፅ አላሰማም፤ ማጠፊያውን ዘይት ያጠጣው እሱ ነው። እሷን የሚወስዳት በር እንኳ እንዲያ እንዲለሰልስ ያደረገው እሱ ነው።

ጆሮ ዓይኑን ጨፈነ። ማየት ባይችል መስማት ይችላል። ማርሽ ገባ። ሞተሩ ወደ ላይ ጮኸ፤ አንድም የሚያስል ሲሊንደር፣ አንድም የላላ ብሎን የለውም። ጤነኛ ነው። እንደዚያ ጤነኛ ሞተር ሰምቶ ያዘነ መካኒክ ከሱ በፊት አልነበረም።

ከዚያ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ልማድ ሆኖበት መጀመሪያ ያሰበው ስለ አየር ነው፤ ቀጥሎ ስለ ማጣሪያው። ዓይኑን ሲገልጥ ግን በመስኮቱ በኩል ቅባት የነካው የካፖርት እጅጌ ታየው። በሹፌሩ ጉልበት ላይ ተንጠራርታ ጥቁሯን እጀታ እስከ መጨረሻዋ ስባ ይዛታለች።

«ዛሬ አልሄድም» አለች። «እሺ ግን አላልኩህም። እሺ የምል ቀን እነግርሃለሁ፤ እኔ አፍ አለኝ። ነገ ካቻቢቴ ሳትይዝ ትመጣና ቁጭ ብለህ ታወራኛለህ።» ወደ በረንዳው አየች። «አንተ ደግሞ ና፣ ፋሻህን ልቀይርልህ። ግማሹን ለመኪና ሰጥተኸዋል።»

እህትየው ወርደው ቦርሳቸው ላይ ቁጭ ብለው ስልካቸውን ያገላብጣሉ። «ሰውዬውን ምን ልበለው? እስቲ ንገረኝ፣ ምን ልበለው?»

«መኪናው ይዞራል፣ አይነሳም በይው» አሉ አባትየው፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ጆሮ እንኳ መለየት አልቻለም።

ልጅቷ ከመኪናው ወረደች። ከኋላዋ አልጋዋ፣ ቁምሳጥኗ፣ መጻሕፍቷ፣ መስታወቷ እንደ ተራራ ተቆልለዋል፤ ለሌላ ኑሮ የታሰሩ ዕቃዎች። ጆሮ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፋሻ ጨበጠ። እስከዚያች ደቂቃ የፈራው እንዳትሄድ ነበር። አሁን በፊቱ ስታልፍ፣ ሳታየው፣ እጅጌዋ ላይ ያለውን ቅባት በጣቷ እያሻሸች ስታልፍ፣ ከፊተኛው የሚከብድ ሌላ ፍርሃት መጣበት፤ ቆይታ እንዳትቆጭ።